የጉዳይ ጥናት፦ ከጥንቸል ጋር አንድ ሳጥን የገቡት ጊኒ ፒጎች

ለምን ተመዘገበ

ጊኒ ፒግ፣ ጅራት አልባው ትንሽ ሣር በል እንስሳ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያሳድገው አይደለም። ያገኘው ሰው ምክር የሚጠይቀው ጥንቸል የሚያረባ ጎረቤቱን ነው፤ ምክሩም ብዙ ጊዜ «እንደ ጥንቸሉ ያዘው» የሚል ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሆነው ይኸው ነው። ሁለት እንስሳት ሞቱ፣ አንዲት ለጥቂት ተረፈች፣ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ የሠራው የእንስሳት ዝምድና ሰሌዳም ከመሠረቱ እንደገና ተሠራ። ይህ እንስሳ የማን ዘመድ ነው የሚለው ጥያቄ የክፍል ውስጥ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ምን ይብላ፣ ከማን ጋር ይደር፣ የትኛው መድኃኒት ይገድለዋል የሚሉት ሁሉ በእሱ ላይ ይንጠለጠላሉ። ጉዳዩ የተጻፈው ለዚህ ነው። የሰዎቹም የትምህርት ቤቱም ስም አልተጠቀሰም።

ዳራ

የሳይንስ ክበቡ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ቆርቆሮ በለበሰች ጥላ ሥር፣ ሦስት ጥንቸሎች ነበሩት። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከከተማ የሚወጣ አንድ ቤተሰብ አምስት ጊኒ ፒጎች ለክበቡ ሰጠ፤ ሁለቱ ወንድ፣ ሦስቱ ሴት ሲሆኑ ከሴቶቹ አንዷ እርጉዝ ነበረች። ከእንስሳቱ ጋር የመጣ ምንም መመሪያ አልነበረም።

እንስሳቱን ጠዋትና ማታ የሚያዩት የግቢው ጥበቃ ናቸው። ገጠር ያደጉ፣ ዶሮና ጥንቸል በማርባት የቆየ ልምድ ያላቸው አዛውንት ናቸው፤ ልጆቹ «አባባ» ይሏቸዋል። አዲሶቹን ከጥንቸሎቹ ጋር በአንድ የእንጨት ሳጥን አስገቧቸው። ከሥር የጥድ ሰጋቱራ ተነጠፈላቸው። ቀለባቸው ጥንቸሎቹ የለመዱት ነበር፦ የተዘጋጀ የጥንቸል መኖ፣ ፉርሽካ፣ ከጉሊት የሚገዛ ካሮትና ሰላጣ። ድርቆሽ የሚገባላቸው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። ሰውየው ያደረጉት ሁሉ ጥንቸልን በደንብ የሚያውቅ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ጥንቸሎቻቸውም ሁልጊዜ ጤነኞች ነበሩ።

በዚያው ሳምንት መምህሯ ከልጆቹ ጋር «የጊኒ ፒግ ዘመዶች» የሚል ሰሌዳ ሠራች። መሃል ላይ ጊኒ ፒግ፣ አጠገቡ ሽኮኮና ጥንቸል፣ ቀጥሎ አሳማ፣ ዳር ላይ አይጥ ተሣሉ። ቅርበቱ የተወሰነው በመልክ ነው። ሽኮኮ ጅራት አልባ፣ ድቡልቡል፣ ጆሮው አጭር ስለሆነ የመጀመሪያውን ቦታ ያዘ።

ችግሩ

ኅዳር መግቢያ ላይ፣ እንስሳቱ ከመጡ ሦስተኛ ሳምንት ሲይዙ፣ ጥበቃው ወደ መምህሯ መጡ። «ቲቸር፣ ይቺ ከባዷ እግሯን ሳያማት አልቀረም፤ ሳነሳት ትጮሃለች» አሏት። እርጉዟ ሴት ከጥግ አትነሳም፣ የኋላ እግሯ ጉልበት አብጧል፣ ፀጉሯ ቆሟል፣ ካሮት ሲቀርብላት ታሸታለች እንጂ አትነክስም። በዚያው ሰሞን ትንሹ ወንድና አንዲት ሴት ማስነጠስ ጀመሩ፤ የአፍንጫቸው ዙሪያ ረጥቧል።

የኅዳር ሌሊት ይበርዳልና መጀመሪያ የተጠረጠረው ብርድ ነበር። ሳጥኑ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፈነ። ይህ የሽንት ሽታውንና የሰጋቱራውን አቧራ ውስጥ አፍኖ ስላስቀረ ማስነጠሱን አባባሰው። ከዚያ በቅን ልቦና የመጣ አንድ ወላጅ ከቤቱ የተረፈ የሕፃናት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ አመጣ። ለልጅ የማይጎዳ መድኃኒት ለትንሽ እንስሳም አይጎዳም ተብሎ ለትንሹ ወንድ በአፉ ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያዘው፤ በማግስቱ ሞተ።

የእንስሳት ሐኪም የተጠራችው ከዚህ በኋላ ነው።

ምርመራው ምን አሳየ

ሐኪሟ የሞተውን ከፍታ ስታየው ዕውር አንጀቱ (በትንሹና በትልቁ አንጀት መገናኛ ያለው ከረጢት) በጋዝና በቀጭን ፈሳሽ ተወጥሮ፣ ግድግዳው ደም ቋጥሮ ነበር። ጊኒ ፒግ ሳሩን የሚያብላላው በዕውር አንጀቱ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። በአፍ የሚሰጡ የፔኒሲሊን ወገን መድኃኒቶች እነዚህን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይጨርሷቸዋል። በባዶው ቦታ ክሎስትሪዲየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ይባዙና የሚያመነጩት መርዝ እንስሳውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድለዋል። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲን በዚህ ረገድ ለጊኒ ፒግ አደገኞች ናቸው። ቺንቺላ የተባለው ትንሽ የደቡብ አሜሪካ እንስሳም ይህ ደካማ ጎን አለው፤ ጥንቸልም እንዲሁ።

የእርጉዟ ችግር ሌላ ነበር። ድዷ ደምቷል፣ መጋጠሚያዎቿ አብጠዋል፣ ስትነካ ያማታል። ይህ ስከርቪ ነው፤ የቫይታሚን ሲ እጥረት። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቫይታሚን ሲን ጉበታቸው ውስጥ ራሳቸው ያመርታሉ፦ ጥንቸል፣ አይጥ፣ ውሻ፣ ፍየል፣ አሳማ። ጊኒ ፒግ ግን የመጨረሻውን የምርት ደረጃ የሚያከናውነው ኢንዛይም ስለሌለው ከምግቡ ካላገኘ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ምልክቱ ይታይበታል። እ.ኤ.አ. በ1907 ኖርዌያውያኑ አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ በእህል ብቻ የሚቀለቡ ጊኒ ፒጎች በስከርቪ እንደሚያዙ ያሳዩት በዚሁ ባሕርይ ምክንያት ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ጤነኛ ጊኒ ፒግ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል፤ እርጉዟ ወደ 30 ሚሊ ግራም። መቶ ግራም ካሮት ውስጥ ያለው 6 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 800 ግራም የምትመዝን ጤነኛ ሴት ከካሮት ብቻ ታግኝ ቢባል በቀን ከ130 እስከ 270 ግራም መብላት ሊኖርባት ነው፤ ይህ አይሆንም። ሰላጣም ከካሮት እምብዛም አይሻልም። የጥንቸል መኖ ደግሞ ቫይታሚን ሲ አይጨመርበትም፤ ጥንቸል አያስፈልጋትምና። ከአምስቱ እርጉዟ ቀድማ የወደቀችበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ፍላጎቷ ከሁሉም ይበልጣል።

ማስነጠሱን በተመለከተ የሐኪሟ ዋና ጥርጣሬ ቦርዴቴላ የተባለው ባክቴሪያ ነበር። ጥንቸል ምንም ሳይታይባት በአፍንጫዋ ተሸክማው ትኖራለች፤ ወደ ጊኒ ፒግ ሲተላለፍ ግን የሳንባ ምች ያስከትላል። የላብራቶሪ ምርመራ ስላልተደረገ ይህ ከጥርጣሬ አላለፈም። ሆኖም ሁለቱን አንድ ላይ ላለማሳደር ጥርጣሬው ብቻ ይበቃል፤ ጥንቸል በኋላ እግሯ ስትራገጥ የጊኒ ፒግ ጎድን ልትሰብር እንደምትችል ሲታሰብ ደግሞ ይበልጥ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ጥንቸሎቹ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ሳጥን ተዛወሩ። የጥድ ሰጋቱራው ተጠርጎ ወጣ፤ የጥድ ዘይት ሽታና ደቃቅ ብናኝ የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል። በምትኩ ጋዜጣ ተነጥፎ በላዩ ድርቆሽ ተደረገ፤ በየሁለት ቀኑም ይቀየራል። ሳጥኑ መሬት ለመሬት ከሚገባ ነፋስ እንዲጠበቅ በጡብ ከፍ ብሎ ጀርባው ለግድግዳ ተሰጠ፤ ጆንያው ግን ተነሳ።

ለእርጉዟ የተሰጣት ሕክምና ቫይታሚን ሲ ነው፦ በቀን 50 ሚሊ ግራም፣ ለአሥር ቀን። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ተፈጭቶ በ10 ሚሊ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚህ 1 ሚሊ ሊትሩ 50 ሚሊ ግራም ይይዛል። መርፌው በተነቀለ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ከፊት ጥርሶቿ ጎን አስገብቶ ቀስ በቀስ ማንጠባጠብ ነው። ፊት ለፊት ከተጨመረ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የተረፈው ይደፋል፤ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል።

ራሷ መብላት ስላቆመች መኖዋ በሞቀ ውሃ ርሶ እንደ ቀጭን አጥሚት ሆኖ በሲሪንጅ ተሰጣት፤ በየሦስትና አራት ሰዓቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር። ጊኒ ፒግ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላ አንጀቱ ሥራ ያቆማል፤ ስለዚህ ማታም መሰጠት ነበረበት። የማታውን ጥበቃው ወሰዱት፣ አንድም ሌሊት አላጓደሉም። በሕይወት መቆየቷ ከመድኃኒቱ እኩል የእሳቸው ውለታ ነው።

ሁሉም በየጠዋቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዘኑ ነበር። የእርጉዟ ክብደት እንዲህም ሆኖ ለሦስት ቀን መቀነሱን ቀጠለ፣ ከዚያ ቆመ፣ በአምስተኛው ቀን ድርቆሽ ራሷ ማኘክ ጀመረች። የጉልበቷ እብጠት ለመጉደል ከሳምንት በላይ ወሰደበት።

ለምታስነጥሰዋ ሴት ሐኪሟ ኮትሪሞክሳዞል የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በክብደቷ መጠን አዘዘች። ይህ መድኃኒት የዕውር አንጀቱን ተሕዋስያን እንደ ፔኒሲሊን አያጠፋም።

ቋሚ ቀለቡም ተቀየረ። ድርቆሽ ቀኑን ሙሉ ሳይጎድል ይቀርባል። ከሻጋታ የጸዳ መሆኑ የሚታወቀው እፍኝ አንስቶ በማራገፍ ነው፤ ግራጫ አቧራ ከበነነ ወይም እርጥብ ጆንያ የሚሸት ከሆነ አይሰጥም። በየቀኑ ለእያንዳንዳቸው 15 ግራም ያህል ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ይሰጣል፤ ይህ ብቻውን የጤነኛን የቀን ፍላጎት ይሸፍናል። ቃሪያው ሲወደድ አንድ ሰፊ የጎመን ቅጠል ይተካዋል። ፐርሰሜሎም ቫይታሚኑ ብዙ ነው፤ ካልሲየሙም ብዙ ስለሆነ የፊኛ ጠጠር እንዳያመጣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ይሰጣል። ፉርሽካ ቀረ። ልጆች ከቡና ማፍያ ሥር ሰብስበው የሚያመጡት ቄጠማም ተከለከለ፤ ተረግጦበታል፣ የዕጣን አመድም ወድቆበታል።

ወንዱ እርጉዟ ሳትወልድ ከሴቶቹ ተለየ። ሴት ጊኒ ፒግ ከወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፤ ከስከርቪ ለተነሳች እናት ያ ሞት ነው። ብቻውን እንዳይከፋው በመካከላቸው የሽቦ ወንፊት ብቻ ተደረገ።

ሰሌዳው እንዴት ተስተካከለ

የበሽታው ምክንያት ሲታወቅ ልጆቹ ጥሩ ጥያቄ አነሱ፦ ከጥንቸል ይህን ያህል ከተለየ ታዲያ የማን ዘመድ ነው? መምህሯ መልሱን ከመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ አጥንት ፊት ለፊት ማስቀመጥ መረጠች። ትክክለኛ ምርጫ ነበር።

የሞተው ወንድ ራስ ቅል ተዘጋጀ። ሥራውን ጓንት ያጠለቀ አዋቂ ብቻ ነው የሠራው፤ ቅሉ ሳይንተከተክ በለስላሳ እሳት ተቀቅሎ ሥጋው ተላጠ፣ ከዚያ በ3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አንድ ቀን ተዘፈዘፈ። በረኪና አይሆንም፤ አጥንቱን ይበላዋል። ክበቡ ቀድሞ ያስቀመጠው የጥንቸል ቅል አጠገቡ ተደረገ።

ልዩነቱን ለማየት ማጉያ መነጽር አያስፈልግም። ከጥንቸሏ የላይ የፊት ጥርሶች ጀርባ ሁለተኛ ጥንድ ትናንሽ ጥርሶች ተደብቀዋል፤ በጊኒ ፒጉ ላይ የሉም። የጥንቸሏ ጥርሶች 28፣ የጊኒ ፒጉ 20 ናቸው። የጥንቸሏ አፍንጫ ጎን አጥንቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ የጊኒ ፒጉ ድፍን ነው። ከዓይኑ ጉድጓድ ፊት ግን እርሳስ የሚያሳልፍ አንድ ሰፊ ቀዳዳ አለው። በሕይወት ሳለ የመንጋጋው ጡንቻ አንዱ ክፍል በዚያ ቀዳዳ አልፎ አፍንጫው ጎን ላይ ይጣበቃል። የታችኛው መንጋጋ የኋላ ማዕዘንም ወደ ውጭ ተገልብጧል። ይህ ቀዳዳና ይህ መንጋጋ ተደምረው የሚገኙት በአንድ ወገን ነው፤ በእኛ አገር የዚያ ወገን አባል ጃርት ነው። ጃርትም ጥርሱ 20 ነው። የቤት አይጥ ግን 16 ብቻ ሲኖራት የቀዳዳዋም ቅርጽ ሌላ ነው።

አዲሱ ሰሌዳ እንግዲህ ከመሃል ወደ ዳር እንዲህ ተደረደረ። የቅርብ ቤተሰቡ ደቡብ አሜሪካ ነው ያለው፦ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት የዱር ዘመዶቹ፣ ረጅም እግር ያላት ማራ፣ 50 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝነው ካፒባራ። ካፒባራም ቫይታሚን ሲ ከምግቡ ማግኘት አለበት። ቀጥሎ ቺንቺላና ሌሎች የዚያው አህጉር ቆርጣሚዎች (እንደ አይጥና ጃርት በፊት ጥርሳቸው የሚቆረጥሙ እንስሳት) ይመጣሉ። ሦስተኛው ቀለበት አፍሪካ ውስጥ ነው፦ ጃርት፣ የሸንበቆ አይጥ፣ እንዲሁም በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ መሬት ሥር በመንጋ የሚኖረው ፀጉር አልባው ፍልፈል። ይህን እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ናሙናው ከኢትዮጵያ የተገኘ ነው። የደቡብ አሜሪካዎቹ አያቶች ከአፍሪካ የሄዱት ከ40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። አትላንቲክ ያኔ ከዛሬው የጠበበ ነበር፤ የተሻገሩትም በወንዝ ተገፍቶ በወጣ ተንሳፋፊ ዕፅዋት ላይ ሆነው እንደሆነ ይታመናል።

እዚህ ላይ ልጆቹ ከገጠር የሚያውቁትን ፍልፈል ጨመሩ፤ በደጋ እርሻ ውስጥ አፈር እየቆለለ ገበሬን የሚያማርረውን። እሱ ግን የአይጥ ወገን ነው። ከፀጉር አልባው ጋር የሚያመሳስለው ኑሮው እንጂ ዘሩ አይደለም፤ ሁለቱም ከመሬት ሥር ስለሚቆፍሩ ዓይናቸው አነሰ፣ ጥርሳቸው ወጣ። ከሰሌዳው ሁሉ አስተማሪው ቦታ ይህ ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ከቆርጣሚዎች ሁሉ ውጭ፣ ግን ከሌላው እንስሳ ሁሉ ለእነሱ የሚቀርበው ጥንቸል ነው። ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ የተራራቁ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቀጥሎ የምንመጣው እኛ ነን፤ ሰውና ጦጣ። አሳማ ከዚያም ይርቃል፤ እሱ ከከብት፣ ከግመልና ከጉማሬ ወገን ነው። ስሙን ሰምተው የተጨነቁ ወላጆች ነበሩና መምህሯ ይህን በስብሰባ ላይ አስረዳች፦ በዘር ጊኒ ፒግ ከአሳማ ይልቅ ለሰው ይቀርባል። በሃይማኖት የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ግን ለሃይማኖት አባቶች ተወችው።

ሽኮኮ ከአጠገቡ ተነስቶ የመጨረሻው ዳር ላይ ሄደ። ልጆቹን ያስቸገራቸው ይኸኛው ነው። የጊኒ ፒግ የፊት እግር አራት፣ የኋላው ሦስት ጣት አለው፤ የሽኮኮም እንደዚያው ነው። ሁለቱም ጅራታቸው አይታይም፣ ሁለቱም ዓይኑን የገለጠ ግልገል ይወልዳሉ። ሆኖም ሽኮኮ የዝሆን ዘመድ ነው። የላይ የፊት ጥርሶቹ እንደ ትናንሽ ቀንድ ሾለው የሚያድጉ ናቸው፣ እርግዝናው ሰባት ወር ይፈጃል፤ የጊኒ ፒግ ከ59 እስከ 72 ቀን ነው።

አንድ ክርክርም ተነሳ። ከመምህራኑ አንዱ ጊኒ ፒግ ከቆርጣሚዎች ወገን አይደለም የሚል የቆየ ጽሑፍ አመጣ። ጽሑፉ ከየትም የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1996 የወጡ የዘረመል ጥናቶች ይህንኑ ብለው ነበር። በእነዚያ ጥናቶች የተወዳደሩት ዝርያዎች ጥቂት ነበሩ፤ የጊኒ ፒግ ፕሮቲኖች ደግሞ፣ በተለይ ኢንሱሊኑ፣ ከሌሎች አጥቢዎች እጅግ ተለውጠዋል። ብዙ የተለወጠን ነገር ከጥቂት ጋር ብቻ ሲያወዳድሩት ባዕድ ይመስላል። ዝርያዎቹና ዘረመሎቹ ሲበዙ ጊኒ ፒግ ወደ ቆርጣሚዎች ወገኑ ተመለሰ፤ የዛሬው ስምምነትም ይኸው ነው። ክርክሩ በሰሌዳው ጥግ በአጭሩ እንዲጻፍ መደረጉ መልካም ነው፤ ልጆች ሳይንስ እንዴት ራሱን እንደሚያርም ያዩበታል።

የሠራውና ያልሠራው

ቫይታሚን ሲው ሠርቷል። እርጉዟ ታኅሣሥ ውስጥ ሦስት ወለደች፤ አንዱ ሞቶ ተወለደ፣ ሁለቱ ደኅና ናቸው። ግልገሎቹ ፀጉራቸው ሞልቶ፣ ዓይናቸው በርቶ፣ ጥርሳቸው ወጥቶ ነው የመጡት፤ በማግስቱ ድርቆሽ ሲቆረጥሙ ታዩ። ልጆቹ ከዚያ ቀደም ጥንቸሏ በ31 ቀን እርቃናቸውንና ዓይነ ስውር ሆነው የተወለዱ ግልገሎች ስትወልድ አይተዋልና ልዩነቱን ማንም ሳይነግራቸው አወቁት። እዚህ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ፀጉር አልባው ፍልፈል የጊኒ ፒግ ወገን ሆኖ ሳለ ግልገሎቹ እርቃናቸውን ነው የሚወለዱት። አንድ ምልክት ብቻውን ዝምድና አያረጋግጥም።

የምታስነጥሰዋ ሴት አልዳነችም። ኮትሪሞክሳዞል ሲጀመርላት ትንፋሿ ሆዷን እያንቀሳቀሰ ነበር፤ ጊኒ ፒግ በሆዱ መተንፈስ ከጀመረ ሳንባው በእጅጉ ተጎድቷል ማለት ነው። ሕክምናው የዘገየው ማስነጠሱ በብርድ በተሳበበባቸው ቀናት ነው።

ሌላም ያልሠራ ነገር አለ። ከአሥሩ ቀን በኋላ ሥራ ለማቅለል ቫይታሚኑ በመጠጫ ውሃ ውስጥ እንዲጨመር ተሞክሮ ነበር። ቫይታሚን ሲ በብርሃንና በአየር ይፈርሳል፤ ክፍት ዕቃ ውስጥ በአንድ ቀን ከግማሹ በላይ ይጠፋል፣ ብረት ካለበትም ይፈጥናል። የውሃው ጣዕም ሲቀየርባቸው ደግሞ እንስሳቱ መጠጣት ቀነሱ። በሦስተኛው ቀን ቀርቶ ወደ ቃሪያውና ወደ ጎመኑ ተመለሱ።

ለሌላ ቦታ የሚያገለግሉ ትምህርቶች

ከጥንቸል የተወሰደው ምክር ሁሉ ስህተት አልነበረም፤ ጉዳዩን የሚያወሳስበውም ይኸው ነው። የሁለቱም የመንጋጋ ጥርሶች ዕድሜ ልክ ያድጋሉ፤ ስለዚህ ድርቆሽ ለሁለቱም ዋና ምግብ ነው። የሁለቱም ዕውር አንጀት በአሞክሳሲሊን ይታወካል። በቫይታሚን፣ በወሊድና በአብሮ ማደር ግን ይለያያሉ። እንግዳ እንስሳ የተረከበ ሰው «የማን ዓይነት ነው?» ብሎ አንድ ጊዜ ጠይቆ ሁሉንም ከዚያ መቅዳት የለበትም። ጥርሱን፣ አንጀቱን፣ ቫይታሚኑን፣ መድኃኒቱን፣ ወሊዱን ለየብቻ ይጠይቅ።

ቫይታሚን ሲን በተመለከተ ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ነው፤ ይህን ግን ከአንድ አያት አልወረሱትም። የሰውና የጦጣ ወገን ለብቻው፣ የጊኒ ፒግ ወገን ለብቻው፣ በተለያየ ዘመን አጥተውታል። ቅርብ የሆነችው ጥንቸል ቫይታሚኑ ከምግብ አያስፈልጋትም፣ ሩቅ የሆነው ሰው ያስፈልገዋል። ዝምድና መጀመሪያ የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል፤ ማረጋገጫው ግን ስለዚያው እንስሳ ራሱ የተረጋገጠ እውቀት ነው።

ከሰው የተረፈ መድኃኒት ወደ እንስሳት ሳጥን አይገባም። ይህን ትምህርት ቤቱ በበሩ ላይ ለጥፎታል።

ሚዛን ይገዛ። ጊኒ ፒግ የሚታደን እንስሳ ስለሆነ ሕመሙን ይደብቃል፤ አባባ «እግሯን» ያሉት ሲታይ እጥረቱ ከጀመረ ሳምንታት አልፈዋል። በየሳምንቱ መመዘን፣ በአንድ ሳምንት 50 ግራም ከቀነሰ ድድና መጋጠሚያ ማየት፣ ከዚያም ሐኪም መጥራት ነው።

ሴትን ለማስወለድ ያሰበ ደግሞ ዕድሜዋን ይቁጠር። ከስድስትና ሰባት ወር ዕድሜዋ በፊት አንድም ጊዜ ካልወለደች የዳሌዋ አጥንት መጋጠሚያ ይጠነክርና ትልልቅ ሆነው የሚመጡትን ግልገሎች ማሳለፍ ያቅታታል። ትምህርት ቤቱ የሁለተኛዋን ሴት ዕድሜ የሚናገር ሰው ስላላገኘ ከወንድ ጋር እንዳትገናኝ ወስኗል።

ግልገሎቹ በሦስት ሳምንታቸው ጾታቸው ታየ፤ አንዱ ወንድ ነው። ወንድ ግልገል በዚህ ዕድሜ፣ ወይም 250 ግራም ሲሞላ፣ ከእናቱና ከእህቱ ካልተለየ ሊያስረግዛቸው ይችላል። ስለዚህ ከወንፊቱ ማዶ ብቻውን ከነበረው ትልቁ ወንድ ጋር ገባ፤ ሁለት መሸሸጊያ፣ ሁለት የውሃ ዕቃ፣ ሁለት የድርቆሽ ቦታ ተደርጎላቸው አብረው ውለው ያድራሉ።